«ላሰልጥን ባልኩ የወንጀል መዝገቤ ተጠየቀ»

ከመስመር ዳር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለአዲስ አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። ይህን የልጆች እግር ኳስ ዓምድ የምጽፈው ትልቅ ክለብ አሰልጥኜ አይደለም። ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ እሠራለሁ፤ ማታና ቅዳሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሌላ ሰው ልጆች ኳስ ሲያባርሩ ከመስመሩ ዳር እቆማለሁ። አንድ ሳንቲም ሳይከፈለኝ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ኮኑ፣ ፊሽካው፣ የኳሱ ከረጢት ከመኪናዬ ኋላ ወርደው አያውቁም፤ ባለቤቴ አስቤዛ የምታስቀምጥበት አጥታ ተስፋ ቆርጣለች። በዚህ ወር አራት ደብዳቤ መርጫለሁ።

ከሜሪላንድ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ሥራዬ ሹፍርና። የሰባት ዓመት ልጄን ኳስ አስመዘገብኳት። ሊጉ ‹አሰልጣኝ ስላልተገኘ ቡድኑ ሊበተን ነው› ብሎ ሲጽፍ ልጄ አለቀሰች፤ እኔም አለሁ አልኩ። ከዚያ የወንጀል መዝገብህን እናጣራለን አሉኝ፤ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ትምህርት በኮምፒውተር ተማር አሉኝ። ዋጥ አደረግኩት። በሁለተኛው ሳምንት የአንዲት ልጅ እናት ዘገየች፤ መሸ፤ ልጅቷን በመኪናዬ ቤቷ አደረስኳት። እናቷ መርቃኝ ነበር። በማግስቱ ግን ከሊጉ ደውለው ሁለተኛ እንዳይለምድህ አሉኝ። በነጻ ላገልግል ባልኩ ወንጀለኛ ነኝ እንዴ? ልተወው ወይ? ደግሞም ልጆቹ አይሰሙኝም።»

ወንድሜ፣ አትተወው። ቅሬታህን አውቀዋለሁ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ያንን ፎርም ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለባለቤቴ «ላቤን ላፍስስ ባልኩ ሌባ ነህ ወይ ልባል?» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «የኛን ልጅ የሚያሰለጥነው የማናውቀው ሰው ቢሆንስ?» አለችኝ። ፎርሙን ሞላሁት።

ባክግራውንድ ቼክ የሚሉት የመዝገብ ማጣራት ላንተ ብቻ የመጣ አይምሰልህ፤ ልጅ አጠገብ የሚቆም ሁሉ ያልፍበታል። እውነቱን ከፈለግህ እሱ ብቻውን ብዙ አያድንም፤ ልጅ የሚጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ የለውም። ልጆቹን የሚጠብቃቸው ሌላ፣ ቀለል ያለ ደንብ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው ሌላ ሰው በማያይበትና ድንገት ሊደርስበት በማይችል ቦታ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን። አንተን የያዘህ ይኸኛው ነው። የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር አንዲት ልጅ ብቻዋን መኪናህ ውስጥ መግባት የለባትም።

አገር ቤት ቢሆን ነውሩ የመሸባትን የጎረቤት ልጅ ጥሎ መሄድ ነበር። ጨዋነትህ ያዘዘህን ነው ያደረግከው፤ የደወሉልህም ይህን ሳይረዱት ቀርተው አይመስለኝም። ግን እነሱ ሁለት መቶ አሰልጣኝ ነው ያላቸው። የአንተን ጨዋነት ከሌላው ሰው ተንኮል በምን ይለዩት? ከውጭ ለሚያይ ሁለታችሁም የምታደርጉት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ልጅ፣ በመኪና፣ በጨለማ።

ታዲያ እናትየው ስትዘገይ ምን ይደረጋል? አንድ የኖቬምበር ማታ ነበር፤ እዚህ አገር ለክረምቱ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጨልማል። አንድ ልጅ ቀረ። እናቱ ነርስ ናት፤ ከሥራ ወጥታ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት አውራ ጎዳና ላይ መንገድ ተዘግቶባታል። የራሱን ልጅ ሊወስድ የመጣ አንድ አባት ሊነሳ ሲል «ወንድም፣ አትሂድብኝ» አልኩት። ሰውዬው ከቢሮ መምጣቱ ነው፤ የቆዳ ጫማ አድርጓል። መብራት ምሰሶ ሥር አራታችን ክብ ሠርተን አርባ ደቂቃ ኳስ ተቀባበልን። ሰውየው በዚያ ጫማ ጥሩ ይመታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሲዝኑ መጀመሪያ ከወላጆች ጋር እንነጋገራለን፤ መጨረሻ የሚቀሩት ሁለት ቤተሰቦች አብረው ነው የሚወጡት። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

መልእክትም እንደዚሁ ነው። ለልጅ ለብቻው ቴክስት አትጻፍ፤ ለወላጁ ጻፍ፣ ወይም ወላጁ ባለበት ግሩፕ ውስጥ። ሰላምታችን ላይ ደግሞ፣ ጉንጭ መሳም ለለመዱት የኛ ልጆች ምንም ላይሆን ይችላል፤ ያልለመደው ልጅ ግን ትከሻው ሲኮማተር ታየዋለህ። እጅህን ከፍ አድርገህ ጠብቅ፤ የፈለገ መጥቶ ያጋጫል። የጫማ ማሰሪያ ማሰር፣ የወደቀ ማንሳት፣ ይህ ሁሉ በሰው ፊት የሚደረግ ነው፤ አትፍራው። ቁንጥጫ ግን የለም፤ የጆሮ መጎተትም የለም። ፑሽ አፕ ማሠራትም ቅጣት ሲሆን ያው ቁንጥጫ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አሠርቻለሁ፤ ያተረፍኩት ፑሽ አፕ የሚጠሉ ልጆች ነው።

አይሰሙኝም ላልከው፣ ስንት ደቂቃ ነው የምታወራው? ቆመህ ስታወራ ልጅህ በስልክ ትቅረጽህ፤ ቤት ገብተህ ስታየው ታፍራለህ። ሰባት ዓመት ላይ ግማሽ ደቂቃ ካለፈ ጆሮ ይዘጋል፤ ሣር መንቀል ይጀመራል። በዚህ ዕድሜ እዚህ አገር የሚጫወቱት አራት ለአራት ነው፤ በረኛ የለም፤ ኳሱ ባለ 3 ቁጥሩ ትንሹ ነው። ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁበት ልምምድ ካየሁብህ እቀየምሃለሁ፤ አሥር ልጅ ተሰልፎ አንዱ ሲመታ ዘጠኙ ይጋፋል። ለእያንዳንዱ አንድ ኳስ ስጥና «ኳሴን ጠብቄ የሰውን አስወጣለሁ» የሚለውን ጨዋታ አጫውታቸው። ሜዳ ስትደርስ ጎሉ መሬት ላይ መታሰሩን ነቅነቅ አድርገህ እይ፤ ያልታሰረ ጎል በላዩ ሲንጠለጠሉበት ወድቆ ልጅ ገድሎ ያውቃል። ነጎድጓድ ከሰማህ ሁሉም ወደ መኪና ይግባ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ወላጆች ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

«ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አሰልጣኙ የኛው ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው፤ ልጄ ክርስትና ሲነሳ ሚስቱ ድፎ ጋግራ መጥታለች። ሜዳ ላይ ግን ልጆቹን በአማርኛ ይሰድባል፤ ‹ደደብ›፣ ‹ፈዛዛ›። ፈረንጆቹ ምን እንዳለ ስለማያውቁ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። የራሱ ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታል፤ የኔው አሥር ደቂቃ። ባሌ ‹ተዪው፣ መኳረፍ ይመጣል› ይላል። ልጄ ደግሞ ዓርብ ማታ ማታ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምሯል።»

እህቴ፣ የዓርብ ማታውን ሆድ ሕመም አታቃልይው። ልጅ «አሰልጣኜን ፈራሁ» አይልም፤ ሆዴን ይላል።

ስድቡን በተመለከተ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። በሦስተኛው ዓመቴ እዚህ የተወለደ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረኝ፤ ግራ ተከላካይ። አጥቂው ኳሱን በእግሩ መሀል አሾልኮበት ሄደና ገባብን። እኔ ከዳር ሆኜ «አንተ እንጨት!» አልኩ። ማታ እናቱ ደወለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ ልጄ ‹እንጨት› ምን ማለት ነው አለኝ። ከዛፍ የሚገኝ ነው አልኩት። ‹ኮች ለምን ዛፍ ይለኛል?› አለኝ። ምን ልበለው ብዬ ነው» አለችኝ። የዚያን ሌሊት አልተኛሁም። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ልጆቹን ሰብስቤ፣ በሰደብኩበት ድምፅ መጠን፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። የጫማውን ማሰሪያ እያየ «ኢትስ ኦኬይ፣ ኮች» አለኝ። ሌሎቹ ደግሞ ቃሏን ወደዷት፤ ሲዝኑ እስኪያልቅ እርስ በርሳቸው «እንጨት! እንጨት!» ሲባባሉ ከረሙ። እሱ ሲስቅ አላየሁትም።

በአማርኛ መስደብ ዳኛውን ያታልል ይሆናል፤ ልጁን አያታልልም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ዳኛ ለአሰልጣኝም ቢጫና ቀይ ካርድ ያወጣል፤ አማርኛ የሚሰማ ዳኛ የገጠመው ዕለት ወዳጃችሁ ምን እንደሚል እንጃ። ደግሞ በዚህ አካባቢ አማርኛ የማይሰማበት ሜዳ የት አለ?

የራሱ ልጅ ነገር ግን ትንሽ ያሳዝነኛል። አባት አሰልጣኝ ሲሆን ከሁለት አንዱ ይመጣል፤ ወይ ልጁን ከሜዳ አያስወጣም፣ ወይ አድልዎ እንዳይባል ልጁን ያንገላታል። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። አንድ ቀን ከጨዋታ ስንመለስ መኪና ውስጥ ስህተቱን አንድ በአንድ ስዘረዝርለት፣ መስኮቱን እያየ «ኮች ወደ ቤቱ አልሄደም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ውስጥ ስለ ኳስ እሱ ካላነሳ እኔ አላነሳም። የምናወራው ምሳ ምን እንብላ ነው።

የመጫወቻ ጊዜ እንደ ሊጉ ይለያያል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው ኤ.ዋይ.ኤስ.ኦ. የተባለው የወጣቶች እግር ኳስ ድርጅት እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይጫወት ይላል፤ ለመዝናኛ የሚጫወቱ ሌሎች ሊጎችም ብዙዎቹ ይህን የሚመስል ደንብ አላቸው። ልጆች በሙከራ ተመርጠው የሚገቡበት ክለብ ከሆነ ግን ምርጫው የአሰልጣኙ ነው፤ ስትፈርሚ ምን እንደፈረምሽ አንብቢ። እኔ ጨዋታውን አራት ቦታ ከፍዬ ማን መቼ እንደሚገባ ዓርብ ማታ በወረቀት እጽፋለሁ። ቅዳሜ ስንመራም ሲመሩንም ወረቀቱን ነው የምከተለው። ሙቀቱ ውስጥ ሆኖ ፍትሕ ማሰብ አይቻልም፤ ቢያንስ እኔ አልችልም።

አሁን ወደ አንቺ። ከጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ አትናገሪው፤ ደሙ ፈልቷል፣ የአንቺም እንደዚሁ። አንድ ቀን ይደር። ሰኞ ማታ ደውይለት። «አንተ አድሏዊ ነህ» ካልሽው ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። «ልጄ ዓርብ ዓርብ ሆዱን ያመዋል፤ ደደብ ስትለው ቤት መጥቶ እራሱን ደደብ ይላል» በይው፤ ይህንን የሚከራከርበት መንገድ የለውም። የመጫወቻውን ነገር በጥያቄ አንሺው፤ ምን ቢያሻሽል ነው ብዙ የሚያጫውተው? ድፎ የጋገረችው ባለቤቱም ብትሰማ አይከፋም፤ አንዳንድ ወንድ ከሚስቱ ካልሰማ አይሰማም። ካልተለወጠ በሊጉ ውስጥ የዕድሜ ክልሉ ኃላፊ አለ፤ ለሱ ጻፊ፤ ቀንና ቃል ጠቅሰሽ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ለይቼ ልናገር። የጻፍሽልኝ ስድብና አድልዎ ነው፤ ይህ በስልክም በሽማግሌም ያልቃል። ልጅ መምታት፣ ልጅ አላግባብ መንካት፣ ከልጅ ጋር በድብቅ መጻጻፍ ከተጠረጠረ ግን ሽማግሌ አይላክ፣ ንስሐ አባትም አያስታርቅ፣ «ስሙ እንዳይጠፋ» አይባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ በተደራጀ የወጣቶች ስፖርት ውስጥ ከልጆች ጋር የሚሠራ አዋቂ ጥርጣሬውን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ማስረጃ አሰባስብ አይልም፤ አሳውቅ ነው የሚለው። በኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሰው ላለማስቀየም ተብሎ ዝም ሲባል አይቻለሁ። ዋጋውን የከፈለው ልጁ ነው።

ከቨርጂኒያ

«ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። የልጅ ልጄን ሜዳ የማደርሰው እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ዳኛዋ፣ ሴት ልጅ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ማተቡን አውልቅ አለችው። ልጁ አንገቱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔም ተቆጥቼ ጮኽኩባት። አሰልጣኙ ዝም ብሎ ቆመ። ማን ነው ያጠፋው?»

አባቴ፣ ልጁ አንገቱን ሲይዝ ታየኝ። ልጅቷ አላጠፋችም። የጨዋታው ሕግ አራተኛው አንቀጽ ጌጣጌጥ ሁሉ ይውለቅ ይላል፤ በፕላስተር መሸፈንም አይፈቅድም። ለምን ቢሉ፣ አንገት ላይ ያለ ነገር በሩጫ ሲያዝ ያንቃል። ክሩን ብቻ አይተው የሚያልፉ ዳኞች አሉ፣ የማያልፉም አሉ፤ ከብረት የተሠራ መስቀል ካለበት ግን ተስፋ አያድርጉ።

ያጠፋው አሰልጣኙ ነው። ማተብ ያለው ልጅ እንዳለው ያውቃል፤ በሲዝኑ መጀመሪያ ከእናንተ ጋር መመካከር፣ ቅዳሜም ጨዋታው ሳይጀመር ዳኛዋን ለብቻዋ ማናገር ነበረበት። ልጁ በሰው ሁሉ ፊት በሃይማኖቱና በጨዋታው መሀል እንዲቆም የተደረገው እሱ ዝም በማለቱ ነው። እኔ ዘንድ ይህ ሲያጋጥም የሚወስነው ወላጅ ነው፤ የሚያወልቀውም ወላጅ ነው፤ የአሰልጣኝ እጅ እዚያ አይደርስም። አንድ ቤተሰብ አያትየው በመዳፋቸው ይዘው መስመሩ ዳር ይቆማሉ፤ ፊሽካው ሲነፋ መልሰው ያስሩለታል። ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ጩኸቱን ግን፣ አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይተውት። ያቺ ልጅ ከልጅ ልጅዎ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካገኟት «አይዞሽ» ይበሏት፤ ትርጉሙን ባታውቀውም ፊትዎን ታነባለች።

ከአዲስ አበባ

«ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሥራ በፊት፣ የሰፈር ታዳጊዎች አሰለጥናለሁ። 26 ልጅ፣ ሁለት ኳስ። ማንም አልቀጠረኝም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች ለቴስታ ዘለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። አንዱ ለጥቂት ፈዘዘ፤ ውሃ አፈሰስንበትና ደህና ነኝ ሲል አስገባሁት። ማታ አስመለሰው። አሁን ደህና ነው፤ አባቱም ምንም አይደለም ብሏል። እናንተ ጋ ያለው ሕግ እኛንስ ይመለከታል?»

ሕጉ አይመለከትህም፤ ጭንቅላቱ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በአሜሪካ ፉትቦል ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ፤ ተመልሶ ገባ፤ ከጨዋታው በኋላ ወደቀ፤ ሕይወቱ ተርፎ እንደ በፊቱ ግን አልሆነም። ስቴቱ በ2009 በዚያ ልጅ ስም ሕግ አወጣ፤ በ2014 ሃምሳውም ስቴቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። ጭምቁ ይኸው ነው፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ የፈዘዘ ልጅ የዚያን ቀን አይመለስም፤ ሐኪም ሳያየው በሌላ ቀንም አይመለስም።

ውሃው ላብ ያጥባል እንጂ ሌላ አይሠራም። «ደህና ነኝ» የሚለውንም አትመን፤ መጫወት የፈለገ ልጅ እግሩ ቢሰበርም ደህና ነኝ ይላል። አስቀምጠህ ጠይቀው፤ ስንት ለስንት ነን? መጨረሻ ጎል ያገባው ማን ነው? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወትን? ከዘገየ ወይም ከተሳሳተ በቃ። ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የዓይን ብሌኖቹ መበላለጥ፣ መንቀጥቀጥ ካየህ ቀጥታ ሆስፒታል። ያንን ልጅ አሁንም ለሐኪም ብታሳየው ደስ ይለኛል፤ አባቱን ቤቱ ሄደህ፣ ቡና ሲጠጣ ጠብቀህ፣ በእርጋታ ንገረው። አስገብቼው ነበር፣ አጥፍቻለሁም በለው።

ቴስታን በተመለከተ፣ እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አሥር ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በልምምድም በጨዋታም አይገጩም፤ ከ11 እስከ 13 ያሉት በልምምድ ላይ በመጠኑ ነው። እንግሊዝና ስኮትላንድም በ2020 ለትንንሾቹ ልምምድ ላይ አስቀርተውታል። የልጅ አንገት ቀጭን ነው፤ ጭንቅላቱ ለአንገቱ ይከብዳል። ትንንሾቹን ኳስ በመሬት አጫውታቸው፤ ምንም አይቀርባቸውም።

ለ26 ልጅ ሁለት ኳስ ላልከው ግን አሜሪካ የሚያስተምርህ ነገር የለም፤ መልሱ እናንተው ጋ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አሮጌ ካልሲ ይዞ ይምጣ፤ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ፣ በሲባጎ ወጥራችሁ እሰሩት። እኛ ያደግንበት የጨርቅ ኳስ እግር ሥር ያድራል፣ አይነጥርም፣ የነካውን ልጅ አያሳምም፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ከብዙ የሱቅ ኳስ ይሻላል። ሁለቱን እውነተኛ ኳስ ለመጨረሻው ሩብ ሰዓት አቆይ፤ በአራት በአራት ድንጋይ ሁለት ትንንሽ ሜዳ ሠርተህ አጋጥማቸው።

ካልሲ ካነሰህ ጻፍልኝ። በአሥራ አራት ዓመት ሜዳ ላይ ተረስቶ የቀረ ጎዶሎ ካልሲ መኪናዬ ውስጥ አንድ ከረጢት ሙሉ አለ፤ ባለቤቴ ለሚወስደው ሰው የመላኪያውን እኔው እከፍላለሁ ብላለች።